ከአባት የተወረሰ የአማተር ሬዲዮ ዕቃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በገላን፣ በቡራዩ ሰፋ ያለ ግቢ ካላቸው ቤቶች አልፎ አልፎ ምንነቱን ማንም በውል የማያውቀው ከባድ የብረት ሣጥን ይወጣል። ፊቱ በመዞሪያና በቁጥር የተሞላ ነው፤ ከኋላው ሽቦ ተንጠልጥሎበታል። አንዳንዱ የአማተር ሬዲዮ ነው፤ ማለትም ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎታቸው፣ ፈቃድ አውጥተው በአየር ላይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መሣሪያ። ቤተሰቡ «የአባባ ሬዲዮ» ይለዋል፤ አባባ ግን አርፈዋል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ከዚህ በታች ያሉት ወራሾች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉንም አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ የሌለው ሰው እነዚህን ሦስቱን ይያዝ፦ ሶኬት ላይ አይሰኩት፣ አይጠቡት፣ አብሮት ከተቀመጠው ዕቃ አይለዩት። ዋጋው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ይህ ነገር የአማተር ሬዲዮ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ሁለት መሰኪያ ይፈልጉ። አንዱ ከፊት ያለው የማይክ መሰኪያ ነው። ሌላው ከኋላ ያለው፣ ዙሪያውን ጥርስ የወጣለት፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ክብ የአንቴና መሰኪያ ነው። ሁለቱም ካሉ ዕቃው የሚያዳምጥ ብቻ ሳይሆን የሚያስተላልፍም ነው። ቀጥሎ የባንድ መምረጫውን ይዩ። 80፣ 40፣ 20፣ 15፣ 10 የሚሉ ቁጥሮች ካሉ በሜትር የተጻፉ ናቸው፤ 3.5፣ 7፣ 14፣ 21፣ 28 ከሆኑ ደግሞ በሜጋኸርዝ። ሁለቱም የሚያመለክቱት ያንኑ ነው፤ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአማተሮች የተመደቡትን የአጭር ሞገድ ክልሎች። ከመዞሪያዎቹ ሥር «ፕሌት»፣ «ሎድ»፣ «ድራይቭ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ከተጻፉ ደግሞ ውስጡ ቢያንስ በከፊል በቫልቭ፣ ማለትም የድሮ ሬዲዮ ሠሪዎች በሚያውቁት የመስታወት አምፖል የሚሠራ ነው።

የሚያሳስቱ ዕቃዎች ብዙ ናቸው። ዜኒት ትራንስ ኦሽኒክ፣ ግሩንዲግ ሳተላይት፣ ሶኒ አይሲኤፍ-2001ዲ የሚሉ ስሞች ካዩ የእርስዎ ዕቃ መስሚያ ነው። ዶይቼ ቬሌንና የአሜሪካ ድምፅን ለመከታተል በየቤቱ የነበሩት ዓይነት ነው፤ ጥሩዎቹ የራሳቸው ሰብሳቢ አላቸው፤ የአማተር ዕቃ ግን አይባሉም። ፊቱ ላይ ከ1 እስከ 40 የቻናል ቁጥር ብቻ ያለው ትንሽ ሣጥን በ27 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ሲቢ የሚባል የመኪና ሬዲዮ ነው፤ ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። 23 ቻናል ብቻ ካለው የአሜሪካው ሕግ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 40 ከማሳደጉ በፊት የተሠራ ነው።

ኮዳን ወይም ባሬት የሚል ስም ካለበት ከአውስትራሊያ የመጣ፣ የዕርዳታ ድርጅቶች በላንድክሩዘር ላይ ይጭኑት የነበረ ዓይነት መገናኛ ሬዲዮ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ሣጥኑ ላይ የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ካለ ዕቃው የድርጅቱ ሊሆን ይችላል፤ አባት በሕይወት ሳሉ ያልመለሱትን ዕቃ ልጅ አይወርሰውም። ከመሸጥ በፊት ድርጅቱን መጠየቅ ይሻላል። ድርጅቱ ከአገር ከወጣም ከአባት የሥራ ወረቀቶች መካከል የርክክብ ወይም የስጦታ ደብዳቤ ይፈልጉ።

ዕድሜውን እንዴት አውቃለሁ?

ከኋላ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። የመብራቱ ድግግሞሽ በ«ሳይክል» ከተጻፈ ብዙ ጊዜ ከ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፊት የነበረ ነው፤ «ኸርዝ» የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛው ፍንጭ የባንድ መምረጫው ነው። 10፣ 18 እና 24 ሜጋኸርዝ ለአማተሮች የተፈቀዱት በ1979 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስለሆነ እነዚህ ቁጥሮች በፋብሪካ የታተሙበት ሬዲዮ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ሦስተኛው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ጥቋቁር ቺፖች ከታዩ በላያቸው ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ይፈልጉ። 7832 ማለት አብዛኛውን ጊዜ በ1978 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ቺፕ ማለት ነው፤ ሬዲዮው ከዚያ ቀን አይቀድምም። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ።

አባትዎ የት ይሠሩ እንደነበርም ይጠይቁ። በአስመራ በነበረው የአሜሪካ የቃኘው ጣቢያ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ አዲስ አበባ በነበረው የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ፣ በኤምባሲ፣ በቴሌ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በዕርዳታ ድርጅት ሠርተው ከሆነ ዕቃው በምን መንገድ ቤት እንደገባ ለመገመት ይረዳል። እናትዎ ወይም ታላቅ አክስትዎ ካሉ ቡና አፍልተው ያነጋግሯቸው። የሞዴል ቁጥር ባያውቁም «ያን ትልቁን ፈረንጁ ሲሄድ ነው የሰጠው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ትከፍታለች።

ይሠራ እንደሆነ ለማየት ልሰካው?

አይሰኩት። ይህን የምለው የሚሠራውን ዕቃ ወደማይሠራ የሚቀይረው ከሁሉም በላይ ይህ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱንም ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ አብዛኛው ለ117 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። በአንድ የካራ ቤት ያየሁት ሃሊክራፍተርስ መቀበያ ከኋላው 117 ቮልት የሚል ሰሌዳ ነበረው። የሽቦው ጫፍ ላይ ግን ጠፍጣፋው የአሜሪካ መሰኪያ ተቆርጦ ከሱቅ የተገዛ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ነጭ መሰኪያ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ታስሮበታል። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር፣ ግራጫ የብረት ሣጥን ተቀምጧል፤ 220 አስገብቶ 110 የሚያወጣ ትራንስፎርመር። ሟች ሁልጊዜ ሬዲዮውን የሚሰኩት በእሱ በኩል ነበር። ቤተሰቡ ትራንስፎርመሩን «አሮጌ ስታቢላይዘር» ብሎ ለይቶ አስቀምጦ ሬዲዮውን በቀጥታ ሊሰካ ነበር። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ከባድ የብረት ሣጥን ካለ፣ ሁለት የተለያየ ቅርጽ ያላቸው መሰኪያዎችም ካሉበት፣ ከሬዲዮው ጋር የሚሄድ ነው ብለው ይነሱ።

ሁለተኛ፣ እንደ ሃሊክራፍተርስ ኤስ-38 ያሉ ርካሽ መቀበያዎች በውስጣቸው ትራንስፎርመር የላቸውም። የብረት አካላቸው በቀጥታ ከመብራቱ መስመር ጋር ሊገናኝ ይችላል። መሰኪያው በተገላቢጦሽ ከገባ፣ ወይም ብረቱን ከመብራቱ የሚለየው የውስጥ ክፍል ካረጀ፣ ብረቱን የነካ ሰው በመብራት ይመታል።

ሦስተኛ፣ ለዓመታት ያልበራ ሬዲዮ ውስጥ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ይደርቃሉ። በአንድ ጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኙ ይፈነዳሉ ወይም ትራንስፎርመሩን ያቃጥላሉ። ዋናው ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ደግሞ ምትክ ማግኘት እዚህ አገር ቀርቶ ውጭም አስቸጋሪ ነው። ሙያው ያለው ሰው መጀመሪያ በመልቲሜትር ይለካል፤ ካፓሲተሮቹን ይፈትሻል፤ ከዚያ ቮልቴጁን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ወይም ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ የድሮውን ባለ ክር አምፖል ያስገባል። አምፖሉ ደምቆ በርቶ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ወዲያው ይነቀላል። ለዚህ ሥራ ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም።

አራተኛ፣ ክዳኑን ከፍተው እጅዎን አያስገቡ። በቫልቭ የሚሠሩ ማስተላለፊያዎች ውስጥ ብዙ መቶ ቮልት፣ ሊኒየር የሚባለው ኃይል ማጉያ ውስጥ ደግሞ ከ2000 ቮልት በላይ ይገኛል። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። «ነቅዬዋለሁ» ማለት በዚህ ዕቃ ላይ ዋስትና አይደለም።

በተቃራኒው በ12 ወይም በ13.8 ቮልት የሚሠሩት የኋለኞቹ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች አደጋቸው ያነሰ ነው። እነሱንም ቢሆን የቀዩንና የጥቁሩን ሽቦ አቀማመጥ ሳያረጋግጡ ከመኪና ባትሪ ጋር አያገናኟቸው።

ዋጋው ስንት ነው?

ሁሉም የሚጠብቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው ያንሳል። አሮጌ ስለሆነ ብቻ ውድ የሆነ ሬዲዮ የለም። ገዢው የሚከፍለው ለስሙ፣ ለይዞታው፣ ለተሟላነቱ ነው።

ኮሊንስ የሚል ስም ካገኙ ቆም ይበሉ። ኬደብልዩኤም-2 የተባለው ትራንሲቨር (መቀበያና ማስተላለፊያን በአንድ ሣጥን የያዘ) በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን አሁንም ፈላጊ አለው። ፊቱ ላይ ያለው ዓርማ ክንፍ ካለው የቀደመው ነው፤ ክብ ከሆነ የኋለኛው ነው፤ ሰብሳቢዎች ለክቡ የበለጠ ይከፍላሉ። ከነፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከነኃይል መስጫ ሣጥኑ፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ውጭ አገር ከብዙ መቶ እስከ ከሺህ በላይ ዶላር ሊያወጣ ይችላል። ድሬክ፣ ኬንዉድ ቲኤስ-520 እና ቲኤስ-830ኤስ፣ ያኤሱ ኤፍቲ-101 የሚሠሩ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ በጥቂት መቶ ዶላር ላይ ይቆማሉ። ኬንዉድ አንዳንድ ጊዜ «ትሪዮ» ተብሎ፣ የያኤሱው ኤፍቲ-101 ደግሞ በአውሮፓ «ሶመርካምፕ ኤፍቲ-277» ተብሎ ስለተሸጠ በኢንተርኔት ሲፈልጉ በሁለቱም ስም ይፈልጉ። ሂትኪት ገዢው ራሱ በቤቱ የሚገጣጥመው ስለነበር ዋጋው የሚወሰነው በገጣጣሚው እጅ ነው፤ የተዝረከረከ ብየዳ ያለበት ለመለዋወጫ ብቻ ይሄዳል። አይኮም አይሲ-7300 ዓይነት የቅርብ ጊዜ ሬዲዮ ካገኙ ደግሞ ከአብዛኞቹ «ጥንታዊ» ሣጥኖች በተሻለ ዋጋና በቶሎ ይሸጣል፤ ይህ ብዙ ወራሾችን ያስገርማል።

በሞዴሎች መካከል ያለውን ልዩነት ችላ አይበሉ። ኤፍቲ-101ኢ የኃይል ማውጫው ላይ የሚጠቀመው 6ጄኤስ6ሲ የሚባል የቀለም ቴሌቪዥን ቫልቭ ነው፤ ዛሬ አይመረትም፤ ጥሩ ጥንድ ማግኘት ውድ ነው። ኤፍቲ-101ዜድዲ ግን 6146ቢ ስለሚጠቀም በቀላሉ ይጠገናል። በስም ወንድማማች ቢመስሉም ለገዢ አንድ አይደሉም።

ዋጋ ሲያጣሩ የሚጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን ይዩ። ኢቤይ ላይ ተሽጠው ያለቁትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ይጫኑ። አንድ ሰው 2000 ዶላር ብሎ ለለጠፈው ሬዲዮ ማንም ሳይገዛው ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ የጭነቱን ወጪ ይቀንሱ። ቲኤስ-520ኤስ ብቻውን ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል፤ ከቦሌ በአውሮፕላን ሲላክ የጭነቱ ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሬዲዮውን ዋጋ ይበላዋል። ስለዚህ የውጭው ዋጋ ጣሪያ እንጂ የእርስዎ ዋጋ አይደለም። ወደ ብር ሲመነዝሩም የዕለቱን ምንዛሪ ይጠቀሙ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ያምና ስሌት ዘንድሮ አይሠራም።

ሰፈር ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ አለበት፣ በሚሊዮን ይሸጣል» ይሉኛል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። ይህ ወሬ በአሮጌ ሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በልብስ ስፌት መኪና ላይ ለዓመታት ሲዞር የኖረ ማታለያ ነው። በ2001 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ሰዉ የሲንገር መኪና ለመግዛት የተሻማውም በዚሁ ወሬ ነበር። በቫልቩ መስታወት ውስጥ የሚያብረቀርቀው ብርማ ወይም ቡናማ ሽፋን የተረፈውን አየር ለመምጠጥ ሆን ተብሎ የተቀባ ብረት ነው፤ ዋጋ የለውም። ሽፋኑ ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ቫልቩ ሞቷል።

እውነተኛ ሜርኩሪ የያዘ ቫልቭ ግን አለ። 866 የሚል ቁጥር ካለበትና ከሥሩ ብርማ ፈሳሽ ወይም ጠብታ ከታየ አይስበሩት፣ ልጆች አያስነኩ፤ እንፋሎቱ መርዝ ነው። በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ቀጥ አድርገው ያቁሙት።

«ቅድሚያ ክፈልና ገዢ አመጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ያሳዩት። ወርቅ አወጣለሁ ብሎ አሲድ ይዞ የሚመጣውንም እንዲሁ።

ጎረቤቴ ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ልግዛህ አለኝ፤ ልሽጥለት?

ጎረቤትዎ ብልህ ነው። 13.8 ቮልት በ20 አምፒር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ዎርክሾፕ ላለው ሰው ሁሉ ስለሚጠቅም በሰፈር ቶሎ የሚሸጠው እሱ ነው። ሬዲዮውን ግን ያለ እሱ ማንም አይፈልገውም። የኮሊንስና የድሬክ ከሆነ ደግሞ ለዚያው ሬዲዮ ብቻ የተሠራ ስለሆነ፣ መሰኪያውም የተለየ ስለሆነ፣ አንዱ ከሌላው ሲለያይ ሁለቱም ይረክሳሉ።

ያው ነገር ለማይክ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለተጨማሪ መቃኛ ሣጥን፣ ለገመዶች፣ ለመመሪያ መጽሐፍ ይሠራል። በወረቀት የታተመው የፋብሪካው መመሪያ፣ በባለቤቱ እርሳስ የተጻፈበት ቢሆንም እንኳ፣ ዋጋ ይጨምራል። ባለ ቀስት መደወያና «ሰሜን፣ ደቡብ» የተጻፈበት ሣጥን ካገኙ የአንቴና ማዞሪያው መቆጣጠሪያ ነው፤ ኮምፓስ ነው ብለው አይጣሉት። ቀይና ጥቁር መርፌ ያለው ትንሽ ሜትርም የአንቴናውን አሠራር የሚለካ ነው።

ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ የትኛውንም ሣጥን ከማውጣትዎ በፊት ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰብስበው ፎቶ ያንሱ፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ሰሌዳውን በቅርበት፣ እያንዳንዱን መሰኪያ። ከተነቀለ ገመድ ላይ የት እንደነበረ በወረቀት ጽፈው ያስሩበት። ምናለሽ ተራ የደረሰ ዕቃ በኪሎ ይመዘናል፤ እዚያ ኮሊንስም ብረት ነው።

ከመሸጤ በፊት ላጽዳው?

አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ እዚያው ይብቃ። ሳሙናና አልኮል ፊቱ ላይ የታተሙትን ፊደላት ይልጣሉ፤ ቅባት የሚረጭ ቆርቆሮ ደግሞ ውስጡን ያበላሻል። አልዞር ያለ መዞሪያ በጉልበት አያዙሩ፤ በውስጡ ያለው ቀጭን የመምረጫ ሰሌዳ ይሰበራል። በዳርቻ ሰፈሮች ትልቁ ጠላት የክረምት እርጥበትና አይጥ ነው። የአይጥ ጎጆ ካገኙ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው ከላይ ከላይ ያንሱ፣ የቀረውን ለቴክኒሻኑ ይተዉት። በእጅ የሚያዙ መገናኛዎች ባትሪ ካላቸው አሁኑኑ ያውጡ፤ ፈስሶ ይበላቸዋል።

የአባቴን ፈቃድ እወርሳለሁ? ሬዲዮው ቤቴ መኖሩስ ያስጠይቀኛል?

የጥሪ ምልክቱ፣ ማለትም በአማተሮች ዘንድ ስማቸው የሆነው የፊደልና የቁጥር ጥምር፣ ለአባትዎ በግል የተሰጠ ነው፤ በውርስ አይተላለፍም። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ያስጠይቃል። «አንድ ጊዜ ሞክሬ ልየው» ብለው ማይኩን አይጫኑ። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ሬዲዮውን ለሌላ ሰው ከማስተላለፍዎ በፊት የሞዴሉን ስምና መለያ ቁጥር ይዘው እዚያ መጠየቅ ተገቢ ነው። ገዢው ሬዲዮውን ሊሠራበት ከሆነ ፈቃዱን ይጠይቁት፤ ኮፒውን ከሽያጭ ውሉ ጋር ያያይዙ።

አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ በሩሲያ ፊደል የተጻፈበት፣ የሸራ ማንገቻ ያለው ሬዲዮ ካገኙ ነገሩ ሌላ ነው። የወታደር መገናኛ ነው። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አይለጥፉ፣ አይሽጡት፤ ለፖሊስ ወይም ለባለሥልጣኑ ያሳውቁ።

ወንድሞቼና እህቶቼ አልተስማሙም። ምን ይሻላል?

ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ምንም አይሽጡ። ውርሱ ሳይከፋፈል ዕቃው የሁሉም ወራሽ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሸጦ ሌላው ዘግይቶ «ውድ ነበር» ብሎ ሲሰማ የሚነሳው ፀብ ከሬዲዮው ዋጋ ይበልጣል። ዝርዝር አዘጋጅተው በውርስ አጣሪው መዝገብ ያስገቡት። ከማከፋፈል ይልቅ ለአንድ ወራሽ በጥቅል ሰጥቶ በሌላ ንብረት ማካካስ ይሻላል፤ አንዱ ሬዲዮውን ሌላው ማይኩን ከወሰደ ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግሬአለሁ።

የፖስታ ካርድ የሞላበት የጫማ ካርቶንና የተጻፈበት ደብተር አለ። ይጣል?

አይጣል! በእኔ ግምት ከዕቃው ሁሉ ሊተካ የማይችለው ይህ ነው።

ካርዶቹ ኪውኤስኤል ይባላሉ። ሁለት አማተሮች በአየር ላይ ከተገናኙ በኋላ ግንኙነቱን ለማረጋገጥ ይላላካሉ። እያንዳንዱ ላይ የላኪው የጥሪ ምልክት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ድግግሞሽና ድምፁ ምን ያህል እንደተሰማ የሚገልጽ ቁጥር አለ። በጥሪ ምልክቱ መጀመሪያ ያሉት ፊደላት አገሩን ይናገራሉ፦ «ኢቲ» ኢትዮጵያ፣ «5ዜድ» ኬንያ፣ «ኤስቲ» ሱዳን፣ «ጄ2» ጅቡቲ፣ «ጂ» እንግሊዝ፣ በ«ደብልዩ» ወይም በ«ኬ» የሚጀምሩት አሜሪካ። በአባትዎ ስም የታተሙ ያልተላኩ ካርዶች ካሉ የጥሪ ምልክታቸውን የሚያገኙት እዚያ ላይ ነው። አብዛኛው ካርድ በነጠላ ብዙ አያወጣም፤ የድሮ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ካርድ ግን ጥቂት ስለሆነ በውጭ ሰብሳቢዎች ይፈለጋል። ቪየና ያለው የሬዲዮ መገናኛ የሰነድ ማኅደር እንዲህ ያሉ ካርዶችን ከዓለም ዙሪያ ይሰበስባል።

ደብተሩ የግንኙነት መዝገብ ነው። ቀኑ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ ደግሞ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ ከእኛ የሰዓት ቀጠና በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። 1700 የሚል ካነበቡ አባትዎ ያንን ሰው ያነጋገሩት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ግድግዳው ላይ «የተሳሳተ» ሰዓት ከነበረ በዚሁ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ደብተሩን ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ልጅ ልጆች አያታቸው ከሱሉልታ ሆነው ከጃፓን ጋር ያወሩበትን ሌሊት እዚያ ላይ ያገኙታል። ካርዶቹን በፕላስተር አልበም ላይ አይለጥፉ፤ ማኅተሙና ቴምብሩ የሚታይበት ጀርባቸውም ይፈለጋል።

የነሐስ የሞርስ መምቻ ካገኙም ከዚሁ ጋር ያኑሩት። ቫይብሮፕሌክስ የሚል ሰሌዳ ካለው፣ የድሮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኒውዮርክ ሥራ ነው፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነ በፖስታ ለመላክ ከሚመቹት ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ነው።

ማን ያግዘኛል? ለማንስ ብሰጠው ይጠቅማል?

አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ምልክቱ «ኢቲ3ኤኤ» ነው። ዕቃውን ጭነው ከመሄድዎ በፊት ፎቶና ዝርዝር ይላኩ። ለተማሪዎች የሚጠቅመው የሚሠራ ትራንሲቨር፣ የአንቴና ገመድ፣ የመለኪያ መሣሪያ ነው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን የማይሠራ ማጉያ ማንም ቦታ የለውም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ደግሞ መልቲሜትርና ኦሲሎስኮፕ ከጠረጴዛው ላይ ካለ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ።

መሸጥ ከሆነ ሐሳብዎ ከመርካቶ ሬዲዮ ጠጋኞች መካከል በቫልቭ የሠሩትን በዕድሜ የገፉትን ፈልገው ያሳዩ። ገዢ ሆነው ሳይሆን ተመልካች ሆነው እንዲመጡ የመጡበትን ይክፈሉ። ዋጋ ገማቹና ገዢው አንድ ሰው ከሆነ ግምቱን አይመኑት። ካፌና ሆቴል ለማስጌጫ የሚፈልጉትም አሉ፤ ለማይሠራና ስሙ ለማይታወቅ ሣጥን ከእነሱ የተሻለ ገዢ የለም።

ግቢው ውስጥ ያለውን ምሰሶና ሽቦ ምን ላድርገው?

ነጎድጓድ ሳይመጣ ገመዱን ከሬዲዮው ይንቀሉና ጫፉን ከቤት ውጭ ያድርጉት። ምሰሶው የመብራት ኃይል መስመር አጠገብ ከሆነ በራስዎ አያውርዱት። ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ የተዘረጋ ሽቦ ከሆነ ከማውረድዎ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩት፦ 10 ሜትር ገደማ ከሆነ ለ14 ሜጋኸርዝ፣ 20 ሜትር ገደማ ከሆነ ለ7 ሜጋኸርዝ የተቆረጠ ነው። ልኩን ለገዢው ይንገሩት። ሽቦው መዳብ ስለሆነ ቆራሌው ይወስደዋል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን ነጭ ሸክላዎችና መሐሉ ላይ ያለውን ማገናኛ ግን ፈትተው ያስቀሩ።